ሽቅብ የወጣው አፈር

ሰው አያምነኝም እንጂ መሣሪያውን በጥፊ መትቼዋለሁ። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለ ተዳፋት የበቆሎ ማሳ ላይ፣ ከአፈሩ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመመረቂያ ጽሑፌ እለካ ነበር። የተማርነው እንዲህ ነው፦ ጎርፍ ለሙን አፈር ወደ ታች ያወርደዋል፣ እርጥበቱም እዚያው ይጠራቀማል፣ ስለዚህ አብዝቶ የሚተነፍሰው የታቹ አፈር ነው። የእኔ መሣሪያ ግን ደጋግሜ ብለካም የላዩ ይበልጣል ይለኛል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ክዳኑን አጠበቅኩ፤ ያው ነው። ጽሑፌን ላስረክብ ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ፤ በጥፊ ያልኩት ያኔ ነው።

የማሳው ባለቤት እማማ ማርታ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ “ምነው ልጄ፣ ዕቃው ምን አደረገህ?” አሉኝ።

“ያበደ መሰለኝ እማማ። የላዩ አፈር ከታቹ ይበልጣል ይላል።”

“ታዲያ ምን ዋሸ? ክረምት ያወረደብኝን አፈር በጆንያ አዝዬ ላይ እመልሰው የለ እንዴ! በየዓመቱ።”

“አፈሩን? ይሄን ሁሉ ዳገት?”

“የእኔ አፈር አይደል? ታች ከተውኩትማ የሚቀጥለው ጎርፍ ለጎረቤት ይወስደዋል።”

ደብተሬ ላይ “የላይ አፈር” ብዬ የጻፍኩት ታች ከርሞ የመጣ ነው። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ኩትኳቷቸውን ቀጠሉ። አሁን አማካሪዬ “ተዳፋቱ ምን ለውጥ አመጣ?” ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? እስከ ዛሬ የለካሁት ተዳፋቱን ነው ወይስ የእማማ ማርታን ጀርባ?