ጋሽ ፀሐይና የባለሙያዎቹ ጉባኤ

ልጆቼ፣ ሰው ሥራውን ከመጥላት ብቻ ሳይሆን አብዝቶ ከመውደድም ሥራውን ሊጎዳ ይችላል። ይህን የምላችሁ የገዛ ጎረቤቴን አይቼ ነው።

ደም ግፊቴን ልለካ ወደ ጤና ጣቢያው ስሄድ፣ ክትባት ክፍሉ በር ላይ ሲስተርን አገኘኋት። ሲስተር የምንላት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ናት። የክትባት ብልቃጦቹን ከማቀዝቀዣው እያወጣች በረዶ የሞላበት ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች። ልጅ የታቀፉ እናቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያይዋታል። ምን ተገኘ ብላት፣ የሶላሩ ባትሪ እንደገና መድከሙን፣ ክትባቱ ሳይበላሽ ወደ ሌላ ከተማ መላክ እንዳለበት ነገረችኝ። ትዕግሥቷ አልቋል። በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር እንዲመጣላት ልትጠይቅ ቆርጣለች።

አጠገቧ አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የተማረች፣ ለታላቅ አንገቷን የምትሰብር ልጅ ናት። ያንን ሶላር የገጠመው አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ነው። «አባባ፣ አጎቴ ከሰው ሁሉ እርስዎን ይሰማል። እባክዎ አብረን እንሂድና እናነጋግረው» አለችኝ።

አጎቷን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ፀሐይ ይለዋል። በዚህ ከተማ ጣራ ላይ ካሉት ፓኔሎች አብዛኞቹን የሰቀለው እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አንድ ዐመል ግን አለበት። ባትሪዎቹን በብረት ሣጥን ከትቶ ይቆልፍና ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ሲጠየቅ፣ አቧራና አይጥ እንዳይገባ ነው ይላል። እኛ ግን እናውቀዋለን፤ የሽቦውን አገጣጠም ሌላ ባለሙያ አይቶ እንዳይቀዳበት ነው። ሽቦ ሲያገናኝማ የቤቱን ባለቤት «እስቲ የሚጠጣ ውሃ» ብሎ ከክፍሉ ያስወጣዋል። ውሃውም ይመጣል፤ አይጠጣውም።

ሱቁ ስንደርስ ብየዳ ላይ ነበር። ልጅቱ እጅ ነሥታ ጉዳይዋን ነገረችው። የቀጠናው የንጹሕ ኃይልና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች በየዓመቱ እንደሚገናኙ፣ የዘንድሮው ጉባኤም በዚያው ሳምንት እንደሆነ፣ እሱም እንዲመጣ እንደምትፈልግ።

«ስብሰባ አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ሻይ ይጠጣል፣ ብስኩት ይበላል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል።»

«ሻዩም ብስኩቱም አለ፤ አልዋሽዎትም። እኔ የምልዎት ግን ለሰዎቹ ነው። ከቆላው ሶላር የሚገጥሙ ይመጣሉ። ከወንዙ ማዶ ባዮጋዝ የሚሠሩ ይመጣሉ። ባትሪ የሞተበት ሁሉ እንዴት እንደሞተበት ያወራል።»

«እንግዲያው የባትሪ ለቅሶ ነው በይኛ።»

እኔም ሳቅሁ፤ እሷም ፈገግ አለች። ቀጥሎም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ልታመጣበት እንደሆነ ጠየቃት። ድሩ ሲያብር አንበሳው ይታሰር እንደሆነ እንጃ፣ ሸረሪቷ ግን ያለ ሥራ ትቀራለች አለና መበየጃውን አስቀመጠ።

«ስሚኝ ልጄ። ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ጣቴን እያቃጠልኩ ነው የለመድኩት። ዛሬ ሄጄ ላልደከመበት ሰው በአንድ ስኒ ሻይ ላስረክበው? ሙያ በልብ ነው።»

«በልብ ብቻ የያዙት ሙያ፣ አጎቴ፣ ልቡ የቆመ ዕለት አብሮ ይቆማል።»

«አሟረትሽብኝ እንዴ?»

«አላሟረትኩም፤ ፈራሁ እንጂ። ባለፈው ታመው የተኙ ጊዜ ይህ ከተማ ማንን ጠራ? ማንንም። እርስዎ እስኪነሡ ስንት ቤት በኩራዝ ተቀመጠ።»

ያኔ እኔ ገባሁበትና ጤና ጣቢያው ያየሁትን ነገርኩት፤ ስለ በረዶው ሣጥን፣ ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ስለተመለሱት እናቶች፣ ሊመጣ ስለታሰበው ጄኔሬተር። ፊቱ ጠቆረ። ጥፋቱ የነጋዴው ነው፣ ባትሪ ብሎ ቆርቆሮ ሸጠልኝ አለ።

«ከዚህ በፊት የቀየሩት ባትሪስ ከሌላ ነጋዴ የገዙት አልነበረም?» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ሁሉም ነጋዴ እርስዎን ብቻ ለማታለል ተማማለ? ጄኔሬተሩ ሲመጣ የሚተከለው በማዋለጃው መስኮት ሥር ነው። ጭሱ የሚገባው ወላዷ ላይ ነው። ሰው ደግሞ ባትሪው ደከመ አይልም፤ ‹ፀሐይ አይሠራም› ይላል። የዕድሜ ልክ ልፋትዎ በዚያች ቃል ይቀራል።»

ይኼ ነገር አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ወዳጄን አውቀዋለሁ፤ ለገንዘብ አይደነግጥም፣ ለስሙ ግን ይደነግጣል። የእጅ ጓንቱን አውልቆ እሄዳለሁ አለ። ነገር ግን ከኋላ እቀመጣለሁ፣ አፌንም አልከፍትም ብሎ እኔን ምስክር ቆጠረ።

አብሬው ሄድኩ። ጉባኤው የነበረው በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ስም የተጻፈበት ካርድ አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥሉለት ሲሉ «ስሜን እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ኪሱ ከተተው። እውነቱን ለመናገር የጠዋቱ ንግግር ረዘመ። ሥዕልና ቁጥር ግድግዳው ላይ ይፈራረቃል፤ ጋሽ ፀሐይም ያንቀላፋል። ልጅቱ ከሩቅ እያየችን አፈረች። እኔም በልቤ፣ ይህን ሰው በከንቱ አደከምነው አልኩ።

ከሻይ በኋላ ግን ወንበሩ በክብ በክብ ተደርጎ ባለሙያው በየሥራው ተከፋፍሎ ተቀመጠ። በእኛ ክብ ከቆላው የመጣች፣ መዳፏ በብየዳ የጠቆረ ሴት ነበረች። ባትሪ እየሞተባት ነጋዴ እንደቀያየረች፣ ደንበኛ እንደሸሻት ተናገረች። ባለፈው ጉባኤ ግን አንድ ሰው ባትሪዎቹን የት እንደምታስቀምጣቸው ጠየቃት። በብረት ሣጥን ቆልፌ አለችው። ሰውየውም፣ ባትሪ ሲሞላ ይሞቃል፣ አየር ካላገኘ ውሃው ይተንናል፣ የሚወጣውም ጋዝ ታፍኖ ከቆየ በአንድ ብልጭታ ሊነድ ይችላል ብሎ አስረዳት። ከዚያ ወዲህ የሣጥኑን ጎን በሽቦ ወንፊት ሠርታ ጥላ ሥር ታኖረዋለች።

ጋሽ ፀሐይ ይዞት የገባው ሻይ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። አፌን አልከፍትም ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቧራውስ?» አላት።

«አቧራ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ጋሼ። ሙቀት በምን ይጠረጋል?»

ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ሽቦሽን አይቶ ቢቀዳብሽስ?» አለ።

በክቡ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። የማሾፍ ሳቅ አልነበረም። አንድ ሽበታም ባለሙያ፣ እኛስ ለምን የቆለፍን ይመስልሃል አለው። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«ቀዱብኝ» አለች። «አሁን እኔ ስታመም የሠራሁትን የሚጠግንልኝ ሰው አለ።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ የየቤቱን ጣራ ያይ ነበር። ልንወርድ ስንል «ያንን ነጋዴ እኮ ሰድቤዋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄዶ የሣጥኑን ጎንና ጎን ቆርጦ በወንፊት ተካው፤ አዲስ ባትሪም ገጠመ። ለሲስተር ጥፋቱ የእሱ እንደነበረ ሳይሸፋፍን ነገራት። እሷም የጄኔሬተሩን ጥያቄ ለጊዜው አቆየችው። ሽቦውን ሲያገናኝ ደግሞ የሰፈራችንን ሬዲዮ ጠጋኝ ጠርቶ አጠገቡ አቆመው። ሰውየው ግራ ገብቶት፣ ውሃ ላምጣልህ እንዴ ቢለው፣ «ውሃው ይቅር፤ እጄን እይ» አለው። ሰንበት ሲል ማቀዝቀዣው ሳይቆም መሥራቱን ያየችው ሲስተር ክትባቱን መለሰች፤ ጄኔሬተሩንም እርግፍ አድርጋ ተወችው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የባለሙያ መገናኘት ጥቅሙ ይህ ነው። አንዱ የከፈለበትን ስሕተት ሌላው ዳግመኛ አይከፍልበትም። የዚህ ከተማ ችግር በዚያኛው ከተማ መፍትሔ ተገኝቶለት ተቀምጦ ይሆናል፤ የጎደለው ጠያቂ ብቻ ነው። ባለሙያው ቢታመም ሥራው አይታመምም። ሰውም በፀሐይና በንፋስ ላይ እምነት ያድርበታል፤ ወደ ጭሱ አይመለስም። ብስኩቱንም ብትበሉ ነውር የለበትም፤ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ሥራህ እንዴት ነው ሳትሉ እንዳትመለሱ እንጂ።

በቀደም ልጅቱ ሱቁ መጥታ፣ የሚመጣው ጉባኤ በእኛ ከተማ እንደሚሆንና አጎቷ እንዲናገር መመረጡን አበሰረችው። ጋሽ ፀሐይ የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ።

«መናገሩን ለሌላ ስጡት» አላት። «ለእኔ የምጠይቅበት ሰዓት ያዢልኝ። በክረምት ደመናው ሲከብድ እነዚያ ሶላር የሚገጥሙ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ እፈልጋለሁ።»