«ሲ» እና የእታገኝ ጣቶች

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ማሽን ይፈራ ነበር፤ እናንተ ታቅፋችሁት ታድራላችሁ። የአራት ፓርቲዎች ግንባር አገር በሚመራበት ዘመን መገባደጃ ነው፤ እኔ ፍኖተ ሰላም ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር። ታዲያ ጌታነህ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ቡሬ ላይ ለከብት መኖ የበቆሎ አገዳ የሚከትፍ ማሽን አቆመ፤ እና ከምላጩ አፍ ላይ ሴንሰር ገጠመ፤ እጅ ሲቀርብ ሞተሩን የሚያቆመውንም ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈና «መምህር፣ መጥተው ይዩልኝ» ብሎ ጠራኝ።

አገዳውን ለማሽኑ የምታጎርሰው እታገኝ የምትባል የልጆች እናት ነበረች። በእርሷ እጅ ፈንታ ገለባ የጠቀጠቅንበትን ጓንት እንጨት ጫፍ ላይ አስረን ሰደድን። ቆመ። ደግመን ሰደድን፤ ቆመ።

«አዩ መምህር? አንድ ቀን ነው የፈጀብኝ!» አለ ጌታነህ ደረቱን ነፍቶ።

«ድገም» አልሁት። ደገመ፣ ደጋገመ፤ ታዲያ በመካከሉ ማሽኑ ቆመ፣ አዎን፣ ቆመ፤ ጓንቱ ግን ጣት አልነበረውም።

እታገኝ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችና «ኧረ በማርያም! ቀጥሎ የእኔ ነው?» አለች።

«ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጌታነህን ጠየቅሁት።

«ፓይተን ሜሞሪውን፣ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ፣ በራሱ ሲጠርግ አንዳንዴ ለቅጽበት ይዘገያል። ጥቂት እኮ ነው፣ መምህር።»

«ምላጭ ጥቂት ያውቃል?» ብዬ ጮኽሁበት። «ፓይተን ለፈተና ውጤት መደመሪያ ይሁንህ፤ እዚያ የሚቸኩል የለም። ይህን ግን ሲ በሚባለው ቋንቋ ጻፈው፤ እርሱ ለመጥረግ ብሎ አይዘገይም።»

«ሲ እኮ ያስለፋኛል! ሜሞሪውን ሁሉ በእጄ እያከፋፈልሁ፣ ብሳሳት የሚያርመኝ የለ…»

«በእጅህ ልፋ፣ የእርሷ እጅ እንዲተርፍ! ደግሞስ ስሙን አትሰማም? ሲ! እጅ ሲገባ የሚቆም እንጂ ከገባ በኋላ የሚቆም ምን ይረባል?»

እታገኝ ከነፍርሃቷ ሣቀች፤ «እንግዲህ አያ ጌታነህ፣ ሲ እስክታደርገው እኔ በማጭዴ እከትፋለሁ!» አለችው።

ጻፈው። ቀኑን ሙሉ ጓንት ሰደድንበት፤ አንድ ክር አልተነካም። ታዲያ ልጆቼ፣ እታገኝ በአዲሱ ፕሮግራም አገዳ ባጎረሰች ዕለት፣ ቋንቋውን ያስመረጥሁት እኔ ነኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

«ታዲያ መምህር፣ ፍርሃቱ ለቀቀዎት?» ትሉኛላችሁ።

ምን ይለቀኛል! ዛሬም ቡሬ ገበያ ስታገኘኝ በሁለት እጇ ትጨብጠኛለች። እኔም ጣቶቿን ሳልቆጥር እጇን አልለቅም።