ባዶዎቹ ሳጥኖች
ውጭ አገር፣ ግሮሩድ በሚባል ሰፈር ለልጆች አማርኛ ሳስተምር፣ ርእሰ መምህርቷ ክፍሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ለመወሰን ልትታዘበኝ መጣች። ከኢንተርኔት በነጻ ያወረድኩትን የፊደል መልመጃ ተማምኜ ነበር። ፕሮጀክተሩን ስከፍተው ግን ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል ስላልተጫነበት ሰሌዳው ላይ የወጣው ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነ። ርእሰ መምህርቷ ሰዓቷን ታያለች።

ኮምፒውተሩን ስነካካ የሰባት ዓመቷ ሐያት፣ «ቲቸር፣ እኛ ነን የምንሞላው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እናንተ!» አልኩ ሳላስብ።

ልጆቹ እየተጋፉ ወጥተው በየሳጥኑ ስማቸውን ጻፉ። ሐያት ግን «ደሴ» ብላ ጻፈችና፣ «አያቴ ያለችበት ነው» አለች።

ሲያልቅ ርእሰ መምህርቷ ጠጋ ብላ፣ «ይህን ዕቅድ ከየት አወረድሽው?» አለችኝ።

«ከሐያት» አልኳት። ሳቀች፤ ክፍሉም ሳይዘጋ ቀረ።