በር ላይ የተሰቀለው ሳቅ

ነይ እዚህ ተቀመጪ አክስቴ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይሻላል። ትራሱን ከሥርሽ አድርጊው፣ ወለሉ ይቆረቁራል። ፀጉርሽ ግን እንዴት ነው እንዲህ የበዛው? የምትቀቢው ነገር ካለ ለኛም ንገሪን እንጂ፣ ዘመድ አይደለን? … ሹሩባውን ቀጭን ልሥራው ወይስ ወፈር ይበል? እሺ፣ ቀጭን። ለነገው ዝግጅት ቀጭኑ ያምርብሻል፣ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ አሉ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ግን ጊዜ አለኝ። ስምንተኛን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ከጊዜ በቀር ምን አለኝ?

እህት ዓለም፣ ያንን ማበጠሪያ ታቀብይኛለሽ? … አይ፣ ተይው ተይው። ለካ ማይክ ሆኗል። በጣቴ እከፍለዋለሁ። አንቺ ከመስታወቱ ፊት እንዳትነቃነቂ፣ ንግግርሽን ቀጥዪ። «በራስ መተማመንን እንዴት አገኘሁት» የሚለው ጋ ደርሰሽ ነበር።

አየሻት አክስቴ? ያመጣሽላትን ጫማ አድርጋ ስትቆም እንዴት እንደምታምር። ተረከዝ ሲረዝም ቁመት ብቻ አይደለም ለካ ከፍ የሚለው። እኛም ከታች ሆነን ስናያት ደስ ይለናል።

ዝም ብለን ከምንቀመጥ አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። ስለ አንዲት ልጅ ነው። የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለችም፣ አታውቂያትም። እህቴም አታውቃትም። አይደለም እህት ዓለም? … አልሰማችኝም፣ ልምምድ ላይ ናት።

ይቺ ልጅ ዓይነ አፋር ነበረች። ዓይነ አፋር ስልሽ እንደኔ ዓይነቱን እንዳይመስልሽ። እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፤ እሷ ጓዳ ገብታም ታፍር ነበር። ሱቅ ሄዳ የደረቀ ዳቦ ቢሰጧት «ይኼ የትናንት ነው» ማለት ያቅታትና እያለቀሰች ይዛው ትመጣለች። ከዚያ ማን ይመልሰው? ታናሽ እህቷ። ታናሺቱም ብትሆን ጀግና አልነበረችም፤ መንገዱን ሁሉ «ይኼ የትናንት ነው፣ ይኼ የትናንት ነው» እያለች እየተለማመደች፣ ላብ እያጠመቃት ነበር የምትመልሰው። በር ሲንኳኳ የምትከፍተው ታናሺቱ። ሐኪም ቤት የትልቅየዋ ስም ሲጠራ «አቤት» የምትለው ታናሺቱ። ነርሷ መርፌውን ለማን እንደምትወጋ እስኪጠፋት ድረስ።

ታዲያ ትልቅየዋ ኮሌጅ ገባችና የመጨረሻው ዓመት ላይ ለልምምድ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ተመደበች። የት ክፍል ይመስልሻል? ሕዝብ ግንኙነት። አስቢው እስቲ አክስቴ፣ ከሕዝቡ አንዱን እንኳ ቀና ብላ ማየት የማትችል ልጅ ፋብሪካውን ከሕዝብ ሁሉ ጋር ልታገናኝ ሄደች።

የመጀመሪያው ቀን የቢሮው ስልክ ጮኸ። አየችው። እሱም ጮኸ፣ እሷም አየችው፣ እስኪደክመው ድረስ። ሁለተኛ ሲጮህ አነሳችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ በራሷ ስልክ ቤት ደወለች፤ «ደንበኛ ነው፣ ተቆጥቷል፣ ምን ልበለው?» ታናሺቱ እጇ ሳፋ ውስጥ ነው፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ቆልፋ፣ «እናጣራና እንመልሳለን በይው» አለቻት። ከየት አመጣችው አትበይኝ። ቤት የተቀመጠ ሰው ሬዲዮ ይሰማል። ትልቅየዋም ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አስራ ወሩን ዘለቀችበት። ኃላፊዋም «ይቺ ልጅ አነጋገር ትችላለች» አሉ። ትችላለች እንጂ … ማን አትችልም አለ?

ማታ ማታ ደግሞ ሳፋው ተገልብጦ ወንበር ይሆናል፣ ጭልፋው ማይክ ይሆናል፣ ታናሺቱ ጋዜጠኛ ትሆናለች። «ሳሙናችሁ እጅ ይልጣል ይባላል፤ ምን ይላሉ?» ትላታለች። መጀመሪያ ሰሞን ትልቅየዋ ታለቅስ ነበር። ቆይቶ መንተባተብ ጀመረች። ቆይቶ «ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን» ማለት መጣ። ጥያቄው ለታናሺቱ ከየት ይመጣላት እንደነበር ታውቂያለሽ? የራሷን እጅ ታያለች፣ ትጠይቃለች።

ራስሽን ወደ ግራ ዘንበል … እንደሱ። አመመሽ? አይዞሽ፣ ሲጠብቅ ነው የሚያምረው።

መተማመን እንደ ሳሙና ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ጭብጥ ነው፤ ሲያሹት ግን አረፋው ቤቱን ይሞላዋል። ልጅቷ ቤት ውስጥም መግለጫ መስጠት ጀመረች። ምሳ ያርርባታል፤ እናቷ «ምን ሸተተኝ?» ሲሏት «ያጋጠመን ተግዳሮት ነው፣ እየሠራንበት ነው» ትላለች። ብርጭቆ ይሰበራል፤ «ማን ሰበረው?» ሲባል «ጉዳዩን የሚመለከተው አካል ይዞታል።» የሚመለከተው አካል ማን ሆና እንደተገኘች ልንገርሽ? መጥረጊያ ይዛ ስብርባሪውን የምትለቅም አንዲት ታናሽ እህት። የኛዋ ይኼ ይኼ የለባትም፣ ተመስገን። የኛዋ ብትሰብር እንኳ «እኔ ነኝ» ብላ ነው የምትስቀው።

እና አንድ ቀን ኃላፊዋ ጠሯትና «ውጪና ሳሙናችንን የምትወድ አንዲት ደስተኛ ደንበኛ ፈልጊ። ፎቶዋን አንሺ፣ ሁለት መስመር ቃሏንም አምጪ፤ ለበራችን ባነር እናሠራበታለን» አሏት። ወጣች። መንገዱ በሰው ሞልቷል። አንዷን አስቁሞ «እህቴ፣ ደስተኛ ነሽ ወይ?» ማለት ነበር ሥራው። በጭልፋ መናገር የለመደ አፍ ግን መንገድ ላይ ተሳሰረ። ስለዚህ ምን አደረገች? ቤቷ መጣች። ቤት ውስጥ አይታፈርም።

ግቢ ውስጥ ታናሺቱ የትልቅየዋን ነጭ ሸሚዝ እያጠበች ነበር። «ሳቂ» አለቻት። «ምን አግኝቼ?» «ዝም ብለሽ ሳቂ እንጂ።» ሳትስቅ ቀረች። ኋላ ሳሙናው ከእጇ አምልጦ ዘሎ ትልቅየዋ ጫማ ላይ ሲያርፍ ግን ሳቀች። ጠቅ። እንዴት ያለ ፎቶ መሰለሽ። ልጅቷ ክፉ ብትሆን ፎቶውን ታበላሸው ነበር እኮ … አሳምራ ነው ያነሳቻት።

ቃሏስ? እዚያ ሥራ ላይ ቃል የሚለቀም እንዳይመስልሽ፤ ይጻፋል። ኃላፊው ያላሉትን ተለማማጇ ትጽፍላቸዋለች፤ ከዚያ ወስዳ «እንዲህ ብለዋል፣ ይስማማዎታል?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አንብበው «ጥሩ ብያለሁ» ይላሉ። ወጉ እንደዚያ ነው አሉ። ልጅቷም ለታናሺቱ ጻፈችላት። ወስዳ ማሳየቱን ብቻ ረሳችው። ተለማማጅ ናት፣ ሁሉን በአንዴ ከየት ይለመዳል?

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከአፍ ያልወጣውስ? እሱ የፋብሪካ በር ላይ ይሰቀላል። «ትምህርቱ ለእህቴ፣ ሳሙናው ለእኔ። እኔ በቤቴ ደስተኛ ነኝ!» ይላል። ታናሺቱ ለመልእክት ስታልፍ አየችው። የራሷ ጥርስ፣ እያንዳንዱ የመስኮት ያህል ነው። ከሥሩ ቆማ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። በሰው ፊት ከዳቦው ነገር በቀር ተናግራ የማታውቅ ልጅ፣ እዚያ ላይ አንደበቷ እንዴት የተባ ነው። ግጥም ሁሉ ይመስላል። ዘበኛው አያትና «እሷ ነሽ እንዴ?» አላት። እሷም እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ አክስቴ … ወርቅ መሆኑ የሚታወቀው ግን ሌላ ሰው ሲያጌጥበት ነው።

ያቺ ታናሽ እህት ደግሞ አክስት ነበረቻት። ደግ አክስት፤ «ምዝገባው ሳይዘጋ እጅሽን ይዤ ዘጠነኛ አስገባሻለሁ» ብላ ቃል የገባችላት። ልጅቷም ጥግ ላይ ተቀምጣ ያንን ቀን ስትጠብቅ ከረመች። አክስትየዋ ታዲያ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሆና ባነሩን አነበበችዋ። «ጎሽ፣ የምትፈልገውን የምታውቅ ልጅ» አለች። እና ለታናሺቱ የደብተር ቦርሳ ይዛ ልትመጣ የነበረችው አክስት ለትልቅየዋ ጫማ ይዛ መጣች። አንቺ ብትሆኚ እንደዚያ አታደርጊም ነበር። አንቺ መጀመሪያ ልጅቷን ትጠይቂያታለሽ፣ አውቅሻለሁ … እንዴ፣ ሳብኩሽ? ምነው ተንቀሳቀስሽ? ቀና በይ፣ መስመሩ ይጣመማል።

ምዝገባው ከነገ ወዲያ ይዘጋል አሉ። የዚያኛው ሰፈር ማለቴ ነው።

ብቻ ትልቅየዋ ተጨበጨበላት። ይገባታል። ነገ … ነገ ነው ያልኩት? አንድ ቀን ማለቴ ነው … የምስክር ወረቀት ይሰጧታል፣ ንግግርም ታደርጋለች፣ በራሷ እንዴት እንደተማመነች። እውነቷን ነው፣ በራሷ ነው። ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል ይባላል፤ ታናሺቱ ግን ሞኝ ስለሆነች የሰጧትን አጥባ አሰጣችው። በካውያም ተኩሳዋለች፣ ያንን ነጭ ሸሚዝ። እዚያ በር ላይ እንደተሰቀለው ዓይነት ነው … አይ፣ የኛው ሌላ ነው። ሸሚዝ ከሸሚዝ ይመሳሰላል።

አሁን ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ ያንቺም ቀኝ ጎን አልቋል።

ዛሬ ጠዋት ትልቅየዋ ገላዋን ስትታጠብ ስልኳ አልጋው ላይ ጮኸ። ታናሺቱ አየችው። እሱም ጮኸ፣ እሷም አየችው። መጸዳጃ ቤት ሮጣ እንዳትደበቅ ሰው አለበት። አነሳችው። ኃላፊዋ ናቸው፤ «ያቺን የባነሩን ልጅ ነገ መድረክ ላይ አምጪልን እንጂ። ጋዜጠኞች ይኖራሉ፣ እሷም ሁለት ቃል ብትልልን እንዴት ያምራል» አሉ። ታናሺቱ ምን ብላ የመለሰች ይመስልሻል? ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ራሴ ገርሞኛል፤ ስሰማ ማለቴ ነው። «ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን። እናጣራና እንመልሳለን» አለቻቸው።

እስካሁን አልመለሰችላቸውም።

ምን ትል ይሆን ግን? ልጅቷ ጥያቄ እንጂ መልስ አልተለማመደችም። ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተፈቀደላት። በሁለት ቃል ምን ይባላል? … «አላልኩም» አንድ ቃል ነው አይደል? አንድ ይተርፋታል ማለት ነው።

እህት ዓለም፣ ምነው ዝም አልሽ? «መተማመን» ጋ ደርሰሽ ነበር እኮ። ማበጠሪያውንም ጣልሽው። እሱን ከጨረስሽበት እንኳ ለኔ ይሆነኛል።

አንቺስ የት ነው አክስቴ? ቦርሳሽን ነው? ተቀመጪ እንጂ፣ ግራው ጎን ገና አልተነካም። … የትኛው ትምህርት ቤት? የዚያች የታናሺቱ? እኔ ምን አውቄ ብለሽ … ዛሬ እስከ ማታ ክፍት ነው ሲሉ ግን ሰምቻለሁ። የስምንተኛ ውጤትና ሁለት ጉርድ ፎቶ ነው የሚጠይቁት አሉ። ፎቶ እንኳ አታጣም፤ በሩ ላይ ያለው ለጉርድ ትንሽ ተለቀ እንጂ። … በግማሽ ሹሩባ ልትወጪ ነው? እሺ፣ ሻርፕ ልስጥሽ። እኔም ልምጣ? አብሬሽ? ቆይ፣ እጄን ልጠራርግ።

ከመውጣታችን በፊት ግን ያቺን ልጅ እንመርቃት። ክፉ ሳናወራባት አልቀረንም፣ በባዶ አንለያት። አሜን በይልኝ አክስቴ። እህት ዓለም፣ አንቺም በይ፤ ለሰው ሲመረቅ አሜን ማለት ለራስም ይተርፋል።

ያቺን ልጅ ፈጣሪ ከፍ ያድርጋት። የቆመችበት መድረክ አይክዳት፣ ጭብጨባ አይራቃት፣ ነጭ ሸሚዟን የሚያጥብላት አትጣ። ሥራዋን እንደ አረፋ ያብዛላት። አርጅታ፣ ጃጅታ፣ አንደበቷ የተያዘ ቀን ደግሞ ብቻዋን አይጣላት፤ ከጎኗ ቆማ የልቧን የምትናገርላት እህት ይስጣት … ልክ እንደ ራሷ ያለች።