የላፕቶፑ ዓመተ ምሕረት

በአምቦ ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ፣ ለልጄ ምሳ ይዤ የምሄደው እኔ፣ አንዲት አስተማሪና ላፕቶፕ ያቀፉ አዛውንት ነበርን።

"ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፤ ኢንተርኔቱ ግን ወር ሙሉ እምቢ አለኝ" አሏት አስተማሪዋን።

"አባባ፣ ዓመቱን ማን ነካው?" አለች ላፕቶፑን ከፍታ እያየች።

"እኔ። ስምንት ዓመት ቀድሞን ስላገኘሁት በእኛ አቆጣጠር አስተካከልኩት።"

"ጳጉሜንስ ጨመሩለት?" አለ ሾፌሩ።

"ቀኑ ከተሳሳተ ኢንተርኔቱ አይከፍትም" አለች አስተማሪዋ ዓመቱን እያስተካከለች። " አሁን በስልኬ ዋይፋይ... ይኸው፣ ሠራ!"

"ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ! ቤሩት ያለችው ልጄ ጫልቱ የምትጽፍልኝ በዚህ ነው። ለካ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ምን አለች?"

"አባባ... አዲስ መልእክት የለም።"

"ደግመሽ እዪው።"

"አየሁት። ምንም አልገባም።"

"እንግዲያው ዓመቱን እኔ እንዳደረግኩት መልሺልኝ፤ ዝም ያሰኘኋት እኔ ልሁን።"

አዛውንቱ ወደ ሁላችንም ዞሩ።

"ቤሩት ሰው ካላችሁ፣ የጫልቱን ወሬ ጠይቁልኝ።"

መውረጃዬን ስናልፍ "ወራጅ አለ" አላልኩም።