በኢሜይል የሞቱት አቶ ይርዳው

አዳማ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በጡረተኛው በአቶ ይርዳው ሳሎን ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጃቸው ማስተዋል ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች፣ እሳቸው ከኋላዋ ቆመዋል።

አቶ ይርዳው፦ አይሆንም አልኩሽ እኮ! ቫይረሱን አጥፊልኝ ነው ያልኩሽ፤ ኮምፒውተሩን አጥፊልኝ አላልኩም።

ማስተዋል፦ አባዬ፣ ደጋግሜ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እሱም አብሮ ይከፈታል። የቀረን መፍትሔ ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው።

አቶ ይርዳው፦ ፎርማት ማለት?

ማስተዋል፦ ውስጡ ያለውን በሙሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር።

አቶ ይርዳው፦ እኔ ኃላፊ በነበርኩበት ዘመን አንድ ሠራተኛ አጠፋ ብዬ መሥሪያ ቤት አፍርሼ አላውቅም።

ማስተዋል፦ አንዱ ሠራተኛ ሌላውን ሁሉ ካበላሸስ? ምን ታደርገው ነበር?

አቶ ይርዳው፦ ወደ ሌላ ክፍል አዛውረዋለሁ።

ማስተዋል፦ ይሄም የለመደው እሱን ነው። ከአንዱ ፎልደር ሳባርረው ሌላው ውስጥ ተዛውሮ ይጠብቀኛል። ለመሆኑ ከየት አመጣኸው?

አቶ ይርዳው፦ እኔ አላመጣሁትም፤ ራሱ ነው የመጣው። ዜና እያነበብኩ "ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው!" የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ኃላፊነት እንደሚሰማው ሰው ተጫንኩት።

ማስተዋል፦ ተጫንከው?

አቶ ይርዳው፦ አስጠነቀቀኝ እኮ! ከዚያ በነጻ ፀረ ቫይረስ ላስገባልህ አለኝ፣ እሺ አልኩት።

ማስተዋል፦ እሱ ራሱ ነዋ ቫይረሱ!

አቶ ይርዳው፦ ቆይቶ ገባኝ። ስለዚህ እሱን የሚይዝ ሌላ ፀረ ቫይረስ ጫንኩበት።

ማስተዋል፦ ከየት ያገኘኸውን?

አቶ ይርዳው፦ የመጀመሪያው ጠቆመኝ።

ማስተዋል፦ ሌባው ዘበኛ ጠቆመህ፤ አንተም ቀጠርክለት ማለት ነው። ይሄ ኪቦርድስ ምን ሆኖ ነው የሚያጣብቀው?

አቶ ይርዳው፦ እናትሽ ናት። ቫይረስ ያዘው ስላት ሎሚ ጨምቃ ወለወለችው።

ማስተዋል፦ ዝንጅብልም ጨምራበታለች፣ ይሸታል። በል እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። የምትሳሳለትን ፋይል ንገረኝ፣ እሱን አጽድቼ ላውጣልህና የቀረውን ልጥረገው።

አቶ ይርዳው፦ የግል ነው።

ማስተዋል፦ ምን ዓይነት የግል?

አቶ ይርዳው፦ የግል የሆነ የግል! አንቺ ፊትሽን አዙሪ፣ እኔ ራሴ አወጣዋለሁ። ደግሞ የኢንተርኔቱን ገመድ ለምን ነቀልሽው?

ማስተዋል፦ ቫይረሱ ሥራ ስለማይፈታ ነዋ። ካንተ ፋይሎች ውስጥ እየመረጠ፣ አድራሻው ኢሜይልህ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይልካል።

አቶ ይርዳው፦ ምን ምን ይልካል?

ማስተዋል፦ ያገኘውን።

አቶ ይርዳው፦ ያገኘውን ስትይ... ፎልደር ውስጥም ይገባል? ፎልደሩ ላይ "እጅግ ጥብቅ ምስጢር" ተብሎ ቢጻፍበትስ?

ማስተዋል፦ እንኳን ቫይረሱን እኔንም ልክፈተው ልክፈተው ያሰኘኛል። አባዬ፣ ፊትህ ምን ሆነ? ቆይ፣ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። "ማስቲ፣ አሁን ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።" ከምኑ ነው የሚያጽናኝ?

አቶ ይርዳው፦ ሰው ጥሩ ልብ ካለው ያለ ምክንያትም ያጽናናል።

ማስተዋል፦ ይኸው ሌላ። "አባትሽ ለሁላችንም አባት ነበሩ።" ነበሩ? አባዬ፣ ያ ፋይል ምንድነው?

አቶ ይርዳው፦ ተቀመጪ።

ማስተዋል፦ ተቀምጫለሁ።

አቶ ይርዳው፦ እንግዲያው እኔ ልቀመጥ። የሕይወት ታሪኬ ነው።

ማስተዋል፦ መጽሐፍ ልታሳትም ነው?

አቶ ይርዳው፦ አይ። ለቀብሬ ነው።

ማስተዋል፦ ታመሃል እንዴ? ሐኪም ያለህ ነገር አለ? ደብቀኸን ነው?

አቶ ይርዳው፦ ኧረ ምንም የለብኝም! ግን የሥራ ባልደረባዬን የአቶ ጥላዬን ቀብር ታስታውሻለሽ? ዕድሜውን ሙሉ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "የሒሳብ ሠራተኛ" ተብሎ ተነበበለት። ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ምን ብሎ ያርም? እኔ በቁሜ አርሜው ልለፍ አልኩ። ይኼው ነው ጥፋቴ።

ማስተዋል፦ እና ቫይረሱ ይሄን ላከው? ቆይ፣ አንዱ ለእኔ መልሶ ልኮልኛል። "አቶ ይርዳው ወልደ ትንሣኤ በትሕትናቸው ወደር ያልተገኘላቸው፣ በአስተዋይነታቸው አገር ያደነቃቸው፣ ቁመናቸው ያማረ..." ቁመናቸው ያማረ?

አቶ ይርዳው፦ በወጣትነት ጊዜ ለማለት ነው። ዝቅ ስትይ ተብራርቷል።

ማስተዋል፦ "ስለ ራሳቸው መናገር ፈጽሞ የማይወዱ" ይላል፤ ይሄው ወደ ታች እወርዳለሁ እወርዳለሁ አያልቅም። እናቴስ የት ገባች? አገኘኋት። "ትዳር መሥርተው ልጆች አፍርተዋል።" በቃ? የውሃ ቆጣሪ ያስቀየርክበት ዘመቻ ገጽ ሙሉ ተጽፎለት፣ እናቴ ስሟ እንኳ የለም?

አቶ ይርዳው፦ እናትሽን ማን የማያውቃት አለ? ቆጣሪውን ግን ሰው ረስቶታል።

ማስተዋል፦ "በ... ቀን ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።"

አቶ ይርዳው፦ ያውልሽ! ቀኑን ባዶ ነው የተውኩት። ባዶ መሆኑን ያየ ሰው እንዴት አይጠረጥርም?

ማስተዋል፦ ሰው ባዶውን "ዛሬ" ብሎ ሞልቶታል። ይኸው እናቴ ደወለች። ሄሎ እማዬ... ኧረ አለ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው... ምን? እሺ፣ እሺ፣ አታልቅሺ... እየሳቅሽ ነው እንዴ? ቻው።

አቶ ይርዳው፦ ምን አለች?

ማስተዋል፦ ገበያ መሀል ሴቶች አቅፈው እያለቀሱባት ነው። "ሞቶ ከሆነ ጠዋት ቲማቲም እንዳትረሺ ብሎ የላከኝ ማን ነው?" ትላለች።

አቶ ይርዳው፦ አልሞተም አትላቸውም?

ማስተዋል፦ ብላቸዋለች። "ድንጋጤ ነው፣ ልቧ አልተቀበለውም" እያሉ ፊቷ ላይ ውሃ ያፈሱባታል።

አቶ ይርዳው፦ ጉድ ነው! ... ለመሆኑ ከመሥሪያ ቤት እነማን ጻፉ?

ማስተዋል፦ አሁን የሚያሳስብህ ይሄ ነው?

አቶ ይርዳው፦ ለማወቅ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለሰው ሁሉ አይገጥምም።

ማስተዋል፦ ብዙዎቹ "ነፍስ ይማር" ብለዋል።

አቶ ይርዳው፦ በጅምላ? ስለ ቆጣሪው ያነሳ የለም? ዋና ሥራ አስኪያጁስ?

ማስተዋል፦ አውራ ጣት ልኳል።

አቶ ይርዳው፦ የምን አውራ ጣት?

ማስተዋል፦ ይሄ፣ ወደ ላይ የቆመው።

አቶ ይርዳው፦ በሞቴ! በሞቴ ላይ አውራ ጣት? ይሄ ሰውዬ በቁሜም እንዲሁ ነበር። ነይ ጻፊ፤ በስልክሽም ቢሆን ጻፊ። "ጉዳዩ፦ አለመሞቴን ስለማሳወቅ።"

ማስተዋል፦ "አልሞትኩም" ብንል አይበቃም?

አቶ ይርዳው፦ አይበቃም! "ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ስለ እኔ መሞት በተለያየ አቅጣጫ የተሰራጨው መረጃ በቴክኒክ ችግር የተፈጠረ በመሆኑ፣ በሕይወት መኖሬ ታውቆ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ።" በእኔ ኢሜይል ላኪው።

ማስተዋል፦ ሄደ። ... መልስ መጣ። "የሟቹ ኢሜይል ተጠልፏል፤ በእሳቸው ስም የሚመጣ ማንኛውንም መልእክት እንዳትከፍቱ።"

አቶ ይርዳው፦ ቫይረሱ የላከውን አምነው እኔ የላክሁትን ቫይረስ ይሉታል?

ማስተዋል፦ ቫይረሱ የላከው እኮ በሚገባ የተጻፈ ነው።

አቶ ይርዳው፦ እሱስ ልክ ነሽ፤ ብዙ ደክሜበታለሁ። ውጪ ምንድነው የሚንኳኳው?

ማስተዋል፦ ዕድርተኞቹ ናቸው። የድንኳን ብረት እያወረዱ ነው።

አቶ ይርዳው፦ ልውጣና አለሁ ልበላቸው፣ ከእንግዲህ በዓይናቸው ይዩኝ።

ማስተዋል፦ ትወጣለህ፤ መጀመሪያ ግን ይሄን አስረዳኝ። እዚህ ላይ "ለእናት ለአባታቸው ብቸኛ ልጅ ነበሩ" ይላል።

አቶ ይርዳው፦ ... እሱንም አየሽው?

ማስተዋል፦ አጎቴ ምንተስኖትስ? አሰላ ያለው ወንድምህ? ሰረዝከው?

አቶ ይርዳው፦ አልሰረዝኩትም። አላካተትኩትም።

ማስተዋል፦ በዚያ በጡረታ ሽኝትህ ነገር? እስከ መቃብር?

አቶ ይርዳው፦ ቀላል ታደርጊዋለሽ? ማይክ ተቀብሎ፣ በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ ኬክ እየቆረስኩ፣ ትልቅ ልጅ ሆኜም አልጋዬን አረጥብ እንደነበር ለአዳራሹ ተናገረ! ሁሉም ሳቀ። ጥበቃው ሳይቀር በር ላይ ሆኖ ሳቀ።

ማስተዋል፦ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንስ ሰምተኸዋል?

አቶ ይርዳው፦ የቱን?

ማስተዋል፦ አንተ ቢላውን ጥለህ ወጣህ፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። "አባታችን ኃይለኛ ነበር፤ ታላቄ እንዳይገረፍብኝ ፍራሹን ያረጠብኩት እኔ ነኝ እያልኩ እገረፍለት ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ተከብሮ ሳየው ዱላው ሁሉ ጠፋልኝ" ነው ያለው። ያኔ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

አቶ ይርዳው፦ ይሄን... ይሄን ማለቱን አልሰማሁም።

ማስተዋል፦ እውነት ነው ግን?

አቶ ይርዳው፦ ታናሼ ነው እኮ። እጁ ይህችን ታክል ነበረች። ... ምን እያነበብሽ ነው?

ማስተዋል፦ አሁን ከእሱ የመጣ መልእክት ነው።

አቶ ይርዳው፦ ለእሱም ደረሰው? የእሱ አድራሻ የት ተገኝቶ?

ማስተዋል፦ ኢሜይልህ ውስጥ ነበራ። አንተ ያለፍከውን ቫይረሱ አላለፈውም። ላንብብልህ? "ማስተዋል ልጄ፣ ከአሰላ ተነስቼ ኢተያ ደርሻለሁ። ታሪኩን አነበብኩት። ብቸኛ ልጅ ይላል። እሱ ራሱ እንደዚያ ብሎ ከሆነ አታርሙት፣ እንዳለ ይነበብለት። ማን ነህ የሚለኝ ካለ የድሮ ጎረቤቱ ነኝ እላለሁ። ብቻ ሳልደርስ እንዳትቀብሩት።"

አቶ ይርዳው፦ መጨረሻውን ድገሚልኝ።

ማስተዋል፦ "ብቻ ሳልደርስ እንዳትቀብሩት።"

አቶ ይርዳው፦ ጥረጊው።

ማስተዋል፦ መልእክቱን?

አቶ ይርዳው፦ ኮምፒውተሩን። ያንን ፎርማት ያልሽውን አድርጊው።

ማስተዋል፦ የሕይወት ታሪክህ አብሮ ይሄዳል፤ ተመልሶ አይገኝም።

አቶ ይርዳው፦ ይሂድ። የተወለድኩበት መስመር ላይ የዋሸ ጽሑፍ ሌላው ምን ያደርግልኛል?

ማስተዋል፦ በየሰዉ ስልክ ውስጥ የገባውስ?

አቶ ይርዳው፦ እሱን እየኖርኩ አስተባብላለሁ።

ማስተዋል፦ እሺ፣ ጀመርኩት። ከዚህ በኋላ መመለስ የለም።

አቶ ይርዳው፦ አሁን ለምንተስኖት ጻፊለት። አልሞተም፣ ተረጋጋ በዪው።

ማስተዋል፦ ይሄንን እኔ አልጽፍልህም። ራስህ ደውልለት።

አቶ ይርዳው፦ ድምፄን ሲሰማ ቢደነግጥስ? መንገድ ላይ ነው፤ ደግሞ የደም ግፊት አለበት፣ መድኃኒቱንም ያቋርጣል።

ማስተዋል፦ አንተ ይሄን እንዴት አወቅክ? ሰላም አትባባሉ!

አቶ ይርዳው፦ እናትሽ ናት የምትነግረኝ።

ማስተዋል፦ ሳትጠይቃት?

አቶ ይርዳው፦ ... እጠይቃታለሁ።

ማስተዋል፦ የሚጮኸው ያንተ ስልክ ነው። እሱ ነው! አጎቴ ነው።

አቶ ይርዳው፦ በሞተ ሰው ስልክ ይደውላል እንዴ?

ማስተዋል፦ ከቤት አንድ ሰው ያነሳዋል ብሎ ይሆናላ። በየበዓሉም ይደውል ነበር፤ አንተ ስሙን እያየህ ስልኩን ትደፋዋለህ። ጥሪው ሊያልቅ ነው፣ ላንሳው?

አቶ ይርዳው፦ ተዪ፣ ስጪኝ። ... ሄሎ? ምንተስኖት፣ እኔ ነኝ... አዎ፣ ይርዳው፣ ራሴ... አትጩህ፣ ሾፌሩን ታስደነግጠዋለህ... አላመንከኝም? አልፈርድብህም ወንድሜ፤ ከተኳረፍን ወዲህ ስልክህን ያነሳሁት ከሞትኩ በኋላ ነው።