ሱባዔ የገባችው ደራሲ

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ አሥራ አራት፣ እኩለ ቀን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አከራይዋ እትዬ ጥሩዓየር፣ «የፍልሰታን ሱባዔ ይዣለሁ» ብላ ክፍሏን በዘጋችው በወጣቷ ደራሲ በመቅደላዊት በር ላይ ቆመዋል።

ጥሩዓየር፦ ለልጄ ቃል ልላክላት ወይስ ልተው? አንዱን በይኝና ወደ ጸሎትሽ ተመለሺ።

መቅደላዊት፦ እትዬ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?

ጥሩዓየር፦ አንቺ ካላወቅሽ ማን ይወቅ? አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሱባዔ የያዝኩት እኔ ነኝ? ሹፌሩ ይመር መኪናውን ጭኖ ጨርሷል፤ እሷ ወዳለችበት ወደ ደሴ ሊነሳ ነው። ዛሬ ካመለጠኝ እስከ መስቀል ወደዚያ የሚሄድ ሰው አላገኝም።

መቅደላዊት፦ ለምን አይደውሉላትም?

ጥሩዓየር፦ ጽጌ? ቁጥሬን ከዘጋችው አራት ዓመቷ። በሰው ስልክ ስሞክር ደግሞ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ለዚህ እኮ ነው የክርስትና ስሟን የሰጠሁሽ። ምንም ምልክት አላየሽም? ሕልምም ቢሆን?

መቅደላዊት፦ ምንም።

ጥሩዓየር፦ ገባኝ። የበቃ ሰው አይናገርም።

መቅደላዊት፦ ኧረ እንዲህ አይበሉ!

ጥሩዓየር፦ እንዴት አልል? ጥሬ ሽምብራ እየቆረጠምሽ! እኔም ብሆን የአቅሜን አግዤሻለሁ። የግቢውን ልጆች ኳስ ከልክያለሁ፤ ሬዲዮኔን ዘግቻለሁ። የጎረቤታችን የዘርፌ ባል ሲሞት እንኳ «እሷ ሱባዔ ላይ ናት» ብዬ በአንቺም ፈንታ አልቅሻለሁ።

መቅደላዊት፦ በእኔ ፈንታ?

ጥሩዓየር፦ አዎ፣ ለብቻ። የራሴን ከጨረስኩ በኋላ። ... እስቲ ልግባ፣ ዝናቡ መታኝ። ይኼ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?

መቅደላዊት፦ አይንኩት!

ጥሩዓየር፦ «ወለተ ሥላሴ»... እዚህም «ወለተ ሥላሴ»... መቅዲ! ልጄን በየገጹ ጽፈሻታል! እኔ አንዴ አስቢልኝ ብልሽ አንቺ መቶ ጊዜ? እንዲህ ያለ ጸሎት አይቼ አላውቅም። እግርሽን ልሳም።

መቅደላዊት፦ ይነሡ! በእግዜር ይነሡ። ጸሎት አይደለም።

ጥሩዓየር፦ ታዲያ ምንድን ነው?

መቅደላዊት፦ ልብ ወለድ።

ጥሩዓየር፦ ምን?

መቅደላዊት፦ ሱባዔ አልገባሁም። ዋሽቼዎታለሁ። መጽሐፌን ለመስከረም አደርሳለሁ ብዬ ለአሳታሚ ፈርሜ፣ ሥራዬን ለቅቄ ነው እዚህ የመጣሁት። ክረምት ለጽሑፍ ይመቻል ይላሉ፤ የሚሉት ጽፈው የማያውቁ ናቸው። ሰኔን ጉም ሳይ ዋልኩ። ሐምሌን ብርድ ልብስ ውስጥ ጨረስኩት። አንድ መስመር ስጽፍ እጄ ይደነዝዛል፤ እሱኑ ስሰርዝ ይመሻል። ያም ሆኖ ሰው ያንኳኳል፤ ዛሬ ለቅሶ፣ ነገ ማኅበር። ነሐሴ ሲገባ ሱባዔ ላይ ናት ከተባለ ማንም አያንኳኳም አልኩ።

ጥሩዓየር፦ ማንም አላንኳኳማ! እኔ በር ላይ ቆሜ እየከለከልኩ!

መቅደላዊት፦ አላንኳኩም፤ በበሩ ሥር ስም ያስገቡ ጀመር። የታመመ፣ የጠፋ፣ ያልወለደ። እርስዎ ደግሞ በመስኮት ቆመው የጽጌን ነገር ነገሩኝ። እጄ የተፈታው ያን ቀን ነው።

ጥሩዓየር፦ በእኔ ልጅ?

መቅደላዊት፦ በእርስዎ ልጅ። ስልሳ ገጽ።

ጥሩዓየር፦ ወይ ጉዴ! እኔ «ትጸልይልኛለች» ብዬ ተዝናንቼ እተኛለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ።

መቅደላዊት፦ እዚህ አገር በነሐሴ ንጋቱም አይጠራም።

ጥሩዓየር፦ ትቀልጃለሽ ደግሞ?

መቅደላዊት፦ ሳፍር ነው የምቀልደው። ከፈለጉ ልቅደደው።

ጥሩዓየር፦ ቆይ። ስሜን አጥፍተሽ እንደሆነ ልስማ። አንብቢ።

መቅደላዊት፦ እትዬ...

ጥሩዓየር፦ አንብቢ ብያለሁ!

መቅደላዊት፦ «ወለተ ሥላሴ ሻንጣዋን በላስቲክ ሸፍና ዝናቡ ውስጥ ወጣች። እናቷ አልተከተለቻትም፤ መስኮቱን ዘጋችው። ያየ ሁሉ ጨካኝ አላት። እሷ ግን የዘጋችው ልቅሶዋ እንዳይሰማ ነበር።»

ጥሩዓየር፦ ይህን ማን ነገረሽ?

መቅደላዊት፦ ማንም። ፈጠርኩት።

ጥሩዓየር፦ አልፈጠርሽውም።

መቅደላዊት፦ እርስዎ ያሉኝ እኮ «አባረርኳት» ብቻ ነው።

ጥሩዓየር፦ ለሁሉም የምለው እሱን ነው። ለንስሐ አባቴም ያልኩት እሱኑ ነው። የወደደችውን ሰው አልቀበልም ብዬ ሽማግሌዎቹን መለስኩ፤ ስትሄድም ዝም አልኩ። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። እሷ ይህን አታውቅም። እሷ የሰማችው መስኮቱ ሲዘጋ ነው።

መቅደላዊት፦ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ምዕራፉ እንዲያምር ብዬ ነው የጻፍኩት። ያ ነው የሚያሳፍረኝ።

ጥሩዓየር፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አንቺ በሰው አንጀት አለቀስሽ።

መቅደላዊት፦ አዎ።

ጥሩዓየር፦ ሰማሽ? ይመር ክላክስ እያደረገ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ለልጄ ለጽጌ» ብዬ ጀምሬ እቀደዋለሁ፤ ሁለተኛው መስመር አይመጣልኝም። በይ አምጪው።

መቅደላዊት፦ ምኑን?

ጥሩዓየር፦ ስልሳውንም። ይመር ለጽጌ ያድርስልኝ።

መቅደላዊት፦ ልገልብጥልዎ! ለነገ አደርስልዎታለሁ።

ጥሩዓየር፦ መኪናው የሚነሳው አሁን ነው።

መቅደላዊት፦ ፎቶ ላንሳው እንኳ... ስልኬ ሞቷል! መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ። እትዬ፣ እባክዎ። ክረምቱን ሙሉ ያለኝ ሥራ ይኼው ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም።

ጥሩዓየር፦ እኔም ሌላ ልጅ የለኝም።